የቤዝ ጊታርን ጉርምርምታ መልኩንና ቃናውን ሳያበላሹ ማጥፋት

ጅማ ውስጥ ለሠርግ፣ ለአምልኮ ወይም ለሆቴል ምሽት ቤዝ ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሦስት ጉዳዮች ያመራል፤ እነርሱም የፒክአፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ጫጫታ፣ የመሣሪያው መልክ እና ቃናው ናቸው። ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ቢመስሉም በተግባር አንዱ ሌላውን ይነካል፤ ለመልክ ሲባል የተነቀለ የብረት ክዳን ጫጫታ ሊያመጣ ይችላል፤ ጫጫታ ለማጥፋት ሲባል የተቀየረ ፒክአፕም ባለቤቱ የወደደውን ቃና ይዞት ሊሄድ ይችላል። መለዋወጫ ፍለጋ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ መሄድ ወይም ሰው መላክ ለሚጠበቅበት ተጫዋች ስሕተቱ ውድ ነው። በመሆኑም ይህ መመሪያ ከማድመጥ ይጀምራል፤ ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ሳይለይም አንድ ብሎን አይፈታም።

በመጀመሪያ ቤዙን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ (አንገቱ ላይ በተተከሉት የብረት መስመሮች) እየያዙ ቀስ ብለው ይምቱ። የሚረብሽዎት ድምፅ በዚህ ጊዜም የሚሰማ ከሆነ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ወይም አንድ የላላ ብሎን እየተንቀጠቀጠ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ አየሩም እርጥበት አዘል ስለሆነ የጊታር አንገት ከበጋ ወደ ክረምት ሲሸጋገር ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ በጥር ንጹሕ የነበረ ቤዝ በሐምሌ ክሩ ፍሬት ላይ መንቀጥቀጥ ቢጀምር አያስገርምም። እንዲህ ያለውን ችግር አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ በየጊዜው ከሩብ ዙር ባልበለጠ እያዞሩ ማስተካከል ይፈታዋል፤ የትኛውም አዲስ ፒክአፕ ግን አይፈታውም።

ቤዙ ሳይሰካ ዝም ብሎ ሲሰካ ከጮኸ የጫጫታውን ዓይነት ይለዩ። ወፍራምና የማያቋርጥ ጉርምርምታ አንድ ነው፤ እንደ ንብ ቀፎ ዝዝ የሚል ሹል ድምፅ ሌላ ነው። እንደ ሩቅ ዝናብ ሽሽ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከመጠን በላይ ከተከፈተ ትሬብል የሚመጣ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚሰማው ቅርቅርታ ደግሞ በቮሊዩሙ ውስጥ የገባ አቧራ ወይም ዝገት ስለሆነ ኮንታክት ስፕሬይ ነፍቶ ቁልፉን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ በማዞር ይወገዳል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እዚህ ላይ እተዋቸዋለሁ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው በጉርምርምታውና በዝዝታው ነው።

ጉርምርምታውን በጆሮ ለመለየት የሚያግዝ ቀላል መንገድ አለ። በአገራችን የመብራት መስመር የሚሄደው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ ማለትም 50 ኸርዝ ነው። ከቤዙ ክሮች ሁሉ ወፍራም በሆነው በኢ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት የሚሰጠው የጂ ድምፅ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ ሦስተኛውን ፍሬት ይዘው ሲመቱ ድምፁና ጉርምርምታው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ ከተሰሙ ምንጩ የመብራት መስመሩ መሆኑን ይወቁ። ትንንሽ ስፒከሮች ይህን ያህል ወፍራም ድምፅ አጥርተው ስለማያወጡ በእነርሱ ላይ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የእጥፉ የ100 ኸርዙ ነው፤ ለማነጻጸርም 98 ኸርዝ የሆነውን ያልተያዘ የጂ ክር ይጠቀሙ። አሜሪካ ውስጥ በተቀረጹ ቪዲዮዎች የሚሰማው ጉርምርምታ ከእኛው ከፍ ብሎ በቢ ፍላትና በቢ መካከል የሚያርፈው የእነርሱ መስመር 60 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ከቪዲዮው የተለየ ድምፅ ሰማሁ ብለው አይደናገጡ።

ምክንያቱን ማወቅ ቀሪውን ሥራ ያቀላል። ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመበት ጥቅል ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በዙሪያው ያለውን መስክ ያናውጣል፤ ጥቅሉም ያንን ንውጽውጽታ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ችግሩ ጥቅሉ መስኩን ያናወጠው ክሩ ይሁን ጥግ ላይ የተቀመጠ ትራንስፎርመር ለይቶ አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ፍተሻ መዞር ነው። ቮሊዩሙን ከፍተው፣ ክሮቹን በእጅዎ አፍነው፣ በቆሙበት ቀስ ብለው አንድ ሙሉ ዙር ይዙሩ። ጉርምርምታው በአንድ አቅጣጫ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ የሚል ከሆነ የሚገባው በመግነጢሳዊ መስክ በኩል ነው፤ ምንጩንም ወደተጠረጠረው ዕቃ በመቅረብና በመራቅ ማግኘት ይቻላል። መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ የልምምድ ክፍል ያለ ስታቢላይዘር አይሆንም፤ ስታቢላይዘር ደግሞ በውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር የያዘ ሣጥን በመሆኑ ለፒክአፕ ከእርሱ የከፋ ጎረቤት የለም። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ፒክአፕ ገጥሜ ያው ጉርምርምታ ሲቀጥል ዕቃውን የሸጠልኝን ሰው ስረግም ሰነበትኩ፤ ከዚያ አንድ ቀን ለልምምድ ወንበር ሳመቻች ከስታቢላይዘሩ ጥቂት እርምጃ እንደራቅኩ ክፍሉ ጸጥ አለ። መስኩ ከምንጩ በተራቁ ቁጥር ፈጥኖ ስለሚደክም ከስታቢላይዘርና ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሁለት ሜትር ያህል መራቅና ጸጥታ ወዳለበት አቅጣጫ ዞሮ መቆም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ወጪም የለውም።

ዝዝታው ግን በመዞር ብዙም አይለወጥም፤ ለእርሱ ፍተሻው መንካት ነው። ክሮቹን ወይም ብሪጁን (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበትን ብረት) ሲነኩ ዝዝታው በጉልህ ከቀነሰ የቤዝዎ ግራውንድ፣ ማለትም የብረት ክፍሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት የጋራ መስመር፣ በአግባቡ ይሠራል ማለት ነው። ከስልክ ቻርጀር፣ ከኤልኢዲ አምፖል ወይም ከዲመር የሚወጣውን የኤሌክትሪክ መስክ ሰውነትዎ እንደ አንቴና ሰብስቦ ወደ ቤዙ ያቀርበዋል፤ ክሩን ሲነኩ ግን ያ ሁሉ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ይህ የሚያመለክተው የመከለያ (ዝዝታ እንዳይገባ የሚያግድ የብረት ልባስ) ማነስን እንጂ የተበላሸ ዕቃን አይደለም። ክሮቹን ነክተው ምንም ለውጥ ካልሰሙ፣ ገመዱ የሚሰካበትን የጃኩን ብረት ሲነኩ ግን ከቀነሰ፣ ከብሪጁ ሥር ተነሥቶ ወደ ቮሊዩሙ ጀርባ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል፤ በቴስተር በክሩና በጃኩ የውጭ ብረት መካከል ሲለኩ ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ ንባብ ካላገኙ ጥርጣሬዎ ይረጋገጣል። ሲነኩ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ጠጋኝ ጃኩ ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አገላብጦ በይዷቸው ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ እርሱን ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ከጫጫታ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የቤዙ ክሮች በገመዱ አማካይነት ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር፣ በእርሱም በኩል ወደ መሬት ከሚወርደው የቤቱ የኧርዝ ሽቦ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው ወይም አምፕሊፋየሩ ውስጥ ብልሽት ካለ ክሩን የያዘ እጅና ማይክሮፎን የነካ ከንፈር የኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናሉ። ስለዚህ ጉርምርምታ ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን የኧርዝ መገናኛ መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን ፈጽሞ አይገባም፤ ይህን የሚመክርዎ ሰው የቱንም ያህል ጥሩ ተጫዋች ቢሆን አይስሙት። መድረክ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ቴስተሩን የኤሲ ቮልት መለኪያ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይክሮፎኑ ወንፊት ላይ ያኑሩ፤ ከጥቂት ቮልት በላይ ካነበበ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪያየው ድረስ አይጫወቱ። አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ማብራት አደጋውንም ይቀንሳል፤ ሁለት የተለያዩ ሶኬቶችን በማገናኘት የሚፈጠረውን ጉርምርምታም ያስወግዳል። ያም ሆኖ ካልጠፋ በቤዙና በሚክሰሩ መካከል ዲአይ ቦክስ (የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) አስገብተው የግራውንድ ማቋረጫውን ይጫኑ፤ እርሱ የሚያቋርጠው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ብቻ ስለሆነ የመብራቱ ኧርዝ ባለበት ይቀራል።

ገመዱን በሌላ ገመድ ለውጠው መሞከርም አይርሱ። የስፒከር ገመድ በመልኩ ከጊታር ገመድ ቢመሳሰልም በውስጡ የሚከልል የሽቦ መረብ ስለሌለው ዝዝታን እንዳለ ያስገባል።

አሁን ወደ ፒክአፑ እንምጣ። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ ጥቅል ብቻ የነበረው ፒክአፕ ይዞ ተነሣ። በ1957 ግን ጥቅሉ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ ለሁለት ሁለት ክር እንዲሆን ተደረገ፤ የአንደኛው ግማሽ ማግኔትም ሆነ የሽቦው አዙሪት ከሌላው ተቃራኒ ስለሆነ ከውጭ የሚገባው ጉርምርምታ እርስ በርሱ ሲጣፋ የክሩ ድምፅ ግን ይቀራል። ይኸው ሐሳብ ጊብሰን ውስጥ ሴት ላቨር (Seth Lover) የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1955 ለጊታር በሠራው ሃምበከር፣ ማለትም ጉርምርምታን በሚያጣፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ላይ የነበረ ነው፤ በ1976 የወጣው የሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ቤዝም ሃምበከሩን በ9 ቮልት ባትሪ ከሚሠራ ማጉያ ጋር አጣምሮታል። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፖች አሉት፤ የዛሬዎቹም አንዱ ከሌላው በተቃራኒ የተጠመጠሙ በመሆናቸው ሁለቱም ቮሊዩሞች እኩል ሲከፈቱ ቤዙ ጸጥ ይላል፤ አንዱን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ጉርምርምታው ይመለሳል። ጃዝ ቤዝ ገዝተው ተበላሽቶብኛል የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚያማርሩት በዚህ ተፈጥሮው ነው። ሁለቱን እኩል ከፍተውም ካልጠፋ ትንሽ ኮምፓስ ወደ እያንዳንዱ ፒክአፕ ያቅርቡ፤ መርፌው በሁለቱም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ቀደም ሲል አንዱን የቀየረ ሰው ያልተጣመረ ፒክአፕ ገጥሟል ማለት ነው።

ቤዝዎ ዝዝ የሚል ከሆነ የውስጥ መከለያ መሥራት አንድ ከሰዓት የሚፈጅና በእጅ የሚቻል ሥራ ነው። ፊሊፕስ ካቻቪቴ፣ ካውያ (የሽቦ መበየጃ)፣ ሊድ፣ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር እና የመዳብ ቴፕ ያዘጋጁ፤ የመዳብ ቴፕ ካላገኙ የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይልና ሙጫ ይበቃል። ቤዙን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው፣ ክሮቹን አላልተው፣ የፊት ሽፋኑን ብሎኖች ከፈቱ በኋላ አንዲት ሽቦ ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። ጉድጓዱን በደረቅ ብሩሽ አጽድተው ግድግዳውንና ወለሉን ምንም ክፍተት ሳይተዉ ይሸፍኑ፤ በአንድ ሁለት ቦታ ላይም ቴፑን ከጉድጓዱ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፈው ወደ ላይ ያውጡት፤ ይህ ምላስ ሽፋኑ ሲመለስ ከሽፋኑ ሥር ከለጠፉት ፎይል ጋር ይነካካል። የቴፑ ጀርባ ማጣበቂያም ሆነ ሙጫ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ሁለት ቁራጮች የሚገናኙበትን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው ብረት ከብረት እንዲነካ ያድርጉ፤ ከዚያም በቴስተር ከጥግ እስከ ጥግ ለክተው ወደ ዜሮ ኦም መጠጋቱን ያረጋግጡ። መዳብ ከሆነ አንድ ሽቦ በይደው ከቮሊዩሙ ጀርባ ጋር ያገናኙት፤ አልሙኒየም ግን ሊድ ስለማይቀበል ሽቦውን በትንሽ ብሎንና በቀለበት ፎይሉ ላይ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ደቂቃ ነው። የጃኩ የመሐል ምላስ ገመድ ሲሰካ ወደ ጎን ይገፋል፤ በዚያ ጊዜ አዲሱን ፎይል ከነካ ቤዙ ፈጽሞ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ፒክአፑን አቃጠልኩት ብሎ ይደነግጣል። በጃኩና በቁልፎቹ እግር ትይዩ ያለውን ፎይል በፕላስተር ይሸፍኑና ሽፋኑን ሳያጠብቁ አንድ ጊዜ ሰክተው ይሞክሩት። ከውጤቱ ምን እንደሚጠብቁም ይወቁ፤ መዳብም ሆነ ፎይል ዝዝታውን በእጅጉ ይቀንሳል፣ በ50 ኸርዙ መግነጢሳዊ ጉርምርምታ ላይ ግን ይህን ያህል ስስ ብረት ምንም አያደርግም። ያኛው የሚጠፋው ከምንጩ በመራቅ ወይም በተጣመሩ ጥቅሎች ብቻ ነው።

መልክና ጫጫታ የሚገናኙትም እዚሁ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ የፌንደር ቤዞች በፒክአፑና በብሪጁ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ክዳን ነበራቸው፤ ተጫዋቾች የብሪጁን ክዳን አመድ መጣያ እያሉ ይቀልዱበታል፤ አብዛኞቹም እጅ ያውካል ብለው ነቅለው ጥለውታል። የፒክአፑ ክዳን ግን ለውበት ብቻ የተቀመጠ አልነበረም፤ ከግራውንድ ጋር ተያይዞ ይከልል ነበር። እንዲሁ ከ1957 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ፕሪሲዥን ላይ የነበረው የወርቅ ቀለም ያለው የፊት ሽፋን አልሙኒየም ስለነበር ራሱ መከለያ ነበረ፤ በፕላስቲክ የሚቀይረው ሰው ከሥሩ ፎይል ካልለጠፈበት ዝዝታን በገዛ እጁ ይጋብዛል።

ጅማ በእንጨት ሥራዋ፣ በበርጩማዋና በቤት ዕቃዋ የታወቀች ናት፤ ስለዚህ የተሰበረ የፊት ሽፋን ያለው ሰው ፕላስቲክ ከመጠበቅ ይልቅ ከዋንዛ ቢያስጠርብ በእኔ ዓይን የተሻለ ያምራል። አሮጌውን ሽፋን እንደ ልክ ለጠራቢው ይስጡት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደረቅ እንጨት እንዲመርጥ ይንገሩት፤ ቫርኒሹ ፈጽሞ ሲደርቅም በውስጥ ፊቱ በኩል ፎይል ለጥፈው ቁልፎቹ የሚታሰሩበት ቀዳዳ ዙሪያ ከብረታቸው ጋር መነካካቱን ያረጋግጡ። ለጌጥ ብረት መጠቀም ከፈለጉ ናስ ወይም አልሙኒየም ይሁን፤ ቆርቆሮ ማግኔት የሚስበው ስለሆነ ፒክአፑ አጠገብ ሲገባ መስኩን አዛብቶ ቃናውን ይለውጣል። ናስም ቢሆን በቀጥታ ከፒክአፑ በላይ ሲከደን ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያደበዝዛል። ቀለሙ ቀይ ሆነ ጥቁር፣ ተላጠ አልተላጠ፣ በገመዱ ውስጥ በሚሄደው ድምፅ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም።

ስለ ቃና ብዙ ይባላል፤ የእኔ ፍርድ ግን ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ጣት፣ ክርና የፒክአፑ ቦታ ይበልጣሉ የሚል ነው። በመጀመሪያ የፒክአፑን ከፍታ ያስተካክሉ፤ ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በክሩና በፒክአፑ ማግኔት መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ፤ በወፍራሙ ክር በኩልም ትንሽ ያስፉት። ከዚህ በጣም ቢጠጋ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስበው ድምፁ ቅጥ ያጣል፤ በጣም ቢርቅ ደግሞ የክሩ ድምፅ ስለሚደክም አምፕሊፋየሩን አብዝተው ይከፍቱታል፤ ጫጫታውም አብሮ ያድጋል። የቶን ቁልፉን ወደ ግማሽ ማውረድ ዝዝታውን ይሸፍናል፤ ለችክችካ ምት የሚስማማውን ክብ ያለ አጭር ድምፅም ይሰጣል። ከብሪጁ አጠገብ በክሮቹ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ማስገባት ድምፁን ይበልጥ ያሳጥረዋል፤ ታዋቂው አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 በተሠራው ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ለስላሳ ጥቅል ያላቸውን ክሮች ለዓመታት ሳይቀይር የተጫወተውም ወደዚህ ዓይነት ቃና የሚያደላ ነበር። አዲስ ክር በቅርብ ካልተገኘ አሮጌውን ለአሥር ደቂቃ በውኃ ቀቅሎ በደንብ አድርቆ መመለስ ለተወሰነ ጊዜ የድምፁን ጥራትና ብሩህነት ይመልስለታል፤ በዚህ እርጥብ አየር ሳያደርቁ መግጠም ግን ዝገት መዝራት ነው።

ጫጫታው የሚጎዳው በየትኛው ሙዚቃ እንደሆነም ማሰብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ የፈጠሩት ኢትዮ ጃዝ ቤዙን አንድ ሐረግ እየደጋገመ ዜማውን እንዲሸከም ያደርገዋል፤ በሐረጎቹ መካከልም ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ባዶ ቦታ የሚያጉረመርም ቤዝ ሁሉንም ሰው ይረብሻል፤ ከበሮና ኪቦርድ በማያቋርጡበት የሠርግ ዘፈን ውስጥ ግን ያው ጉርምርምታ ለማንም አይሰማም። የሚጫወቱት ሁለተኛውን ብቻ ከሆነ ገንዘብዎን ለክር ይቆጥቡ።

ይህን ሁሉ ሞክረው ጉርምርምታው ከቀጠለና ፒክአፑን ለመቀየር ከወሰኑ በመጀመሪያ ነባሩን በቴስተር ይለኩ። የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሺህ ኦም፣ የፕሪሲዥን ደግሞ ከ10 እስከ 11 ሺህ ኦም ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ለጃዝ ቤዝ ሲያስልኩ ሁለት ጥቅል በአንድ ክዳን ውስጥ የያዘውንና በመልኩ ከነባሩ የማይለየውን ዓይነት ይጠይቁ፤ ቀዳዳ ማስፋት አያስፈልገውም፤ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ግን ትንሽ ለውጥ ይጠብቁ። ከመቀየርዎ በፊትና በኋላ በአንድ ቦታ ቆመው፣ በአንድ ቮሊዩም፣ ያንኑ ሐረግ በስልክ ይቅረጹ፤ ጆሮ አዲስ ዕቃ ላይ ገንዘብ ካወጣ በኋላ ያዳላል። አሮጌውን ፒክአፕ አይጣሉት፤ ሽቦውን ሳይቆርጡ በካውያ ፈትተው፣ የትኛው ቀለም የት እንደነበረ በወረቀት ጽፈው፣ ከወረቀቱ ጋር በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ አዲሱን ቃና ከሁለት ወር በኋላ ላይወዱት ይችላሉ፤ ቤዙን የሚገዛዎት ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እርሱን ነው።